ሚሊሜትሩን ጻፉ፣ ፍርዱ በኋላ ይደርሳል፦ የድድ ሕመምን ለጥናት እንዴት እንለያለን?

ደሴ ላይ በጥርስ ሕክምና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በየዓመቱ ፕሮፖዛላቸውን ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ርዕሳቸው ይመሳሰላል። «የድድ ሕመም ስርጭት በደሴ ከተማ»፣ «የድድ ሕመም በስኳር ሕሙማን ላይ፣ ኮምቦልቻ»። ርዕሱ ሁሌም ያስደስተኛል። የራሳችንን ሰው አፍ የሚያይ ጥናት ያስፈልገናል።

ግን ኦፕሬሽናል ዴፊኒሽን የሚለውን፣ ማለትም በጥናቱ ውስጥ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጎምበትን ገጽ ስገልጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «የድድ ሕመም ማለት የድድ መቆጣት፣ መድማት ወይም ኪስ (በድድና በጥርስ መካከል ያለ ክፍተት) መኖር ነው።» በቃ። ስንት ቦታ ላይ? ስንት ሚሊ? በየትኛው ጥርስ? አልተጻፈም። በዚህ አገላለጽ ከሄድን ያየነው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ታማሚ ይሆናል።

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያ ጥናቴ ቅጽ ላይ «ሕመም አለ» እና «ሕመም የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ነበሩ። ወራት ሙሉ ሰው ሳይ ከረምኩ። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ አማካሪዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አለ ያልከው በየትኛው ትርጉም ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሚሊሜትሩን አልጻፍኩትም። እነዚያን ሰዎች መልሼ አላገኛቸውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ በአንድ ነገር ያዙልኝ፦ አፍ ውስጥ ገብታችሁ የምትጽፉት ልኬቱን ነው። ማን ታማሚ ነው የሚለውን በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ትወስናላችሁ።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሁለቱን በሽታዎች ለዩ

በተለምዶ «የድድ ሕመም» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጂንጂቫይቲስ ነው። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ሥሩ ግን አልተነካም። ሌላው ፔሪዮዶንታይቲስ ነው። እዚህ ድዱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋና አጥንት ራሱ ይጠፋል። የጠፋው በአብዛኛው አይመለስም።

ልዩነቱን በግልጽ ያሳየን በዴንማርክ ተሠርቶ በ1965 የታተመ ጥናት ነው። ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ 12 ጤነኛ ሰዎችን ጥርሳቸውን እንዳያጸዱ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ድዳቸው ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ ጂንጂቫይቲስ ዛሬ ያለ፣ በሳምንታት ውስጥ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው። ፔሪዮዶንታይቲስ ግን የዓመታት ታሪክ ነው፤ ሰውዬው ዛሬ አፉን አጽድቶ ቢመጣም አሻራው አለ።

ጥናታችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ሁለቱንም» ካላችሁ ለየብቻ ተርጉሟቸው፣ ለየብቻም ሪፖርት አድርጓቸው። አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ፐርሰንት ማውጣት ለማንም አይጠቅምም።

የምትለኩትን ሦስት ነገር እወቁ

የድድ መለኪያ ዘንግ፣ እኛ ፕሮብ የምንለው፣ ቀጭን ነው፤ በሚሊሜትር ተሰምሯል። ለጥናት በጣም የሚመቸው እስከ 15 ሚሊ በየአንዱ ሚሊ የተሰመረውና 5፣ 10 እና 15 ላይ ጥቁር ምልክት ያለው ነው። ዩኤንሲ 15 ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮብ ደግሞ ጫፉ ላይ ግማሽ ሚሊ የምትሆን ኳስ አለው። ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊ ድረስ ጥቁር ቀለበት ተቀብቷል። ይሄኛው ለፈጣን ልየታ ጥሩ ነው፤ ለትክክለኛ ልኬት ግን የመጀመሪያውን ያዙ።

የኪስ ጥልቀት ከድዱ ጠርዝ ተነስቶ ፕሮቡ እስከሚቆምበት ያለው ርቀት ነው። ጤነኛ ድድ ላይ እስከ 3 ሚሊ ይሆናል።

የድድ ሽሽት ድዱ ከኢናሜሉ (ከጥርሱ ጠንካራ ነጭ ሽፋን) ጠርዝ ወደ ሥሩ የወረደበት ርቀት ነው። ሰዎች «ጥርሴ ረዘመ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይህን ማለታቸው ነው።

የሁለቱ ድምር አታችመንት ሎስ ይባላል። የድዱ ቁርኝት ከኢናሜሉ ጠርዝ ስንት ሚሊ ወደ ሥሩ እንደሸሸ ይነግረናል። እዚህ የቁርኝት መጥፋት እለዋለሁ። ኪሱ 4፣ ሽሽቱ 2 ከሆነ የቁርኝት መጥፋቱ 6 ነው። ድዱ አብጦ ኢናሜሉን ከሸፈነው ግን ይቀነሳል እንጂ አይደመርም። ኪሱ 5 ሆኖ ድዱ 2 ሚሊ ኢናሜል ላይ ከወጣ የቁርኝት መጥፋቱ 3 ብቻ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ላይ ለሽሽት የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚጻፍበት ቦታ ተዉ።

ለምን ሁለቱንም እንለካለን? ኪስ ብቻ ብንለካ አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠናል። ድዳቸው ብዙ የሸሸ አንድ አባት ኪሳቸው 2 ሚሊ ሊሆን ይችላል። ጥርሳቸው ግን በግማሽ ሥሩ ብቻ ነው የቆመው። በኪስ መለኪያ ጤነኛ ናቸው።

አለካኩ

በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። ሦስቱ በጉንጭ በኩል፣ ሦስቱ በምላስ በኩል። የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ትተን ሙሉ አፍ 28 ጥርስ ነው። ስለዚህ 168 ቦታ ማለት ነው። እያንዳንዱ ላይ ኪስና ሽሽት፣ ከዚያ ደም አለ ወይስ የለም። ለጀማሪ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። በቀን ስንት ሰው እንደምታዩ ስትገምቱ ይህን አስቡ።

ፕሮቡን ከጥርሱ ቁመት ጋር አስተካክላችሁ ያዙት። በሁለት ጥርስ መካከል ስትገቡ ጥርሶቹ ከሚነካኩበት ሥር እንዲደርስ ትንሽ አዘንብሉት። የእጅ ኃይላችሁ ከ20 እስከ 25 ግራም ይሁን። ይህ በጣም ቀላል ንክኪ ነው። እጃችሁን ለማስለመድ ወርቅ ቤት እንደሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ የፕሮቡን ጫፍ ተጭናችሁ ቁጥሩን እዩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 25 ላይ ማቆም እስክትችሉ ተለማመዱ። ጠንከር ያለ እጅ ጤነኛውን ድድ በስቶ ገብቶ ኪስ ይፈጥራል። ደምም ያመጣል።

በሁለት መስመር መካከል ቢቆም ምን ትጽፋላችሁ? ቀድማችሁ ወስኑ። ብዙ ትላልቅ ጥናቶች ወደ ታች ያጠጋጋሉ። 3.5 ቢመስል 3 ይጻፋል።

ደሙን ለማየት ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ወዲያው የማይደማ ብዙ ድድ አለ። አንድ ረድፍ ለክታችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ደሙን መቁጠር ይቻላል።

መብራት ላይ አትተማመኑ። የራስ ባትሪ፣ የአፍ መስታወትና ከጀርም የጸዳ ዕቃ በሰው ልክ ያስፈልጋል። ዕቃው በቀን ለ12 ሰው ብቻ ከሆነ፣ የምታዩት 12 ሰው ብቻ ነው።

ትርጉሙን ምረጡ

ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። አንድ ዓለም አቀፍ ትርጉም ብቻ ቢኖር ደስ ባለን ነበር። ግን ብዙ ናቸው፤ የተለያየ መልስም ይሰጣሉ።

ለጂንጂቫይቲስ ነገሩ ቀለል ይላል። ከተለኩት ቦታዎች 10 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ከደሙ፣ ኪሱ ከ3 ሚሊ ካልበለጠና የቁርኝት መጥፋት ከሌለ ጂንጂቫይቲስ ነው። እስከ 30 ፐርሰንት ከሆነ በከፊል፣ ከዚያ ካለፈ በአጠቃላይ የተስፋፋ ይባላል። ሙሉ አፍ ላይ 10 ፐርሰንት ማለት 17 ቦታ ነው።

ለፔሪዮዶንታይቲስ ደግሞ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሱት ሦስት መንገዶች ናቸው።

አንዱ የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ነው። ሲፒአይ ይባላል። አፉን በስድስት ክፍል ከፍሎ በየክፍሉ ከባዱን ይመዘግባል። 0 ጤነኛ፣ 1 የሚደማ፣ 2 ታርታር (ጥርስ ላይ የጠጠረ ቆሻሻ) ያለው፣ 3 ከ4 እስከ 5 ሚሊ ኪስ፣ 4 ደግሞ 6 ሚሊና ከዚያ በላይ ኪስ። ፈጣን ነው፤ ርካሽም ነው። ግን በአዋቂ ላይ የሚነካው 10 ጥርስ ብቻ ነው። የድድ ሽሽትንም አያይም። ድርጅቱ ራሱ በ2013 ባወጣው የአፍ ጤና ጥናት መመሪያ አሠራሩን ለውጦ ደምና ኪስ ለየብቻ፣ በሁሉም ጥርስ ላይ እንዲመዘገቡ አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ጥናት የሚጀምር ሰው አሮጌውን ሲፒአይ እንዲመርጥ አልመክርም። የድሮ ጥናት ለማነጻጸር ብቻ ያዙት።

ሁለተኛው በ2007 ወጥቶ በ2012 የታደሰው የአሜሪካ ትርጉም ነው። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከልና የድድ ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ላይ ያወጡት ነው። በሁለት ጥርስ መካከል ያሉትን ቦታዎች ብቻ ያያል። ከባድ ለማለት 6 ሚሊና ከዚያ በላይ የቁርኝት መጥፋት በሁለት የተለያዩ ጥርሶች ላይ፣ ከዚያም ጋር ቢያንስ አንድ 5 ሚሊ ኪስ ይፈልጋል። መካከለኛ ለማለት 4 ሚሊ የቁርኝት መጥፋት በሁለት የተለያዩ ጥርሶች፣ ወይም 5 ሚሊ ኪስ በሁለት የተለያዩ ጥርሶች ላይ ይበቃል። ቀላል የሚባለው 3 ሚሊ የቁርኝት መጥፋት በሁለት ቦታ ኖሮ፣ አብሮት 4 ሚሊ ኪስ በሁለት የተለያዩ ጥርሶች ወይም 5 ሚሊ ኪስ በአንድ ቦታ ሲኖር ነው። ለማኅበረሰብ ጥናት የተሠራ ስለሆነ ለቁጥር ሥራ ይመቻል። ከ2009 እስከ 2014 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ትርጉም ሲቆጠር ዕድሜው 30 ከሆነና ከዚያ በላይ ከሆነው ጥርስ ያለው ሰው 42 ፐርሰንቱ ፔሪዮዶንታይቲስ ነበረበት። ከባድ የተባለው ግን 7.8 ፐርሰንት ብቻ ነው። አንዱን ቁጥር ብቻ ጠቅሶ ሌላውን የሚተው ሰው ፍጹም የተለየ ታሪክ ነው የሚያወራው።

ሦስተኛው በ2017 ቺካጎ ላይ የአሜሪካና የአውሮፓ ባለሙያዎች ተሰብስበው የተስማሙበትና በ2018 የታተመው ነው። አሁን ሐኪም ሁሉ የሚያወራው በዚህ ነው። ሰውዬው ፔሪዮዶንታይቲስ አለበት ለማለት በጥርስና በጥርስ መካከል የሚታይ የቁርኝት መጥፋት፣ ጎን ለጎን ባልሆኑ ሁለት ጥርሶች ላይ መኖር አለበት። ወይም በጉንጭ ወይም በምላስ በኩል 3 ሚሊና ከዚያ በላይ የቁርኝት መጥፋት፣ ከ3 ሚሊ ካለፈ ኪስ ጋር፣ በሁለት ጥርሶች ላይ። ከዚያ ደረጃ ይሰጣል። በጣም በተጎዳው ቦታ የቁርኝት መጥፋቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ከሆነ ደረጃ አንድ፣ 3 ወይም 4 ከሆነ ደረጃ ሁለት፣ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ ሦስት ወይም አራት። በሦስትና በአራት መካከል የሚለየው በዋናነት በዚሁ በሽታ የወለቀው ጥርስ ብዛት ነው። እስከ 4 ከሆነ ሦስት፣ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት።

በተጨማሪ በሽታው የሚሮጥበት ፍጥነት በሦስት ይመደባል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ራጅ ካላችሁ የጠፋውን አጥንት በፐርሰንት ወስዳችሁ በዕድሜው አካፍሉት። ከ0.25 በታች ኤ፣ እስከ 1 ቢ፣ ከ1 በላይ ሲ። በቀን 10ና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወይም የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 7 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር ሕመምተኛ ወደ ሲ ይወጣል። ለመንደር ጥናት ራጅ ላይኖር ይችላል። ያኔ ፍጥነቱን ተዉትና ደረጃውን ብቻ ሪፖርት አድርጉ፤ መተዋችሁንም ጻፉ።

አንድ አፍ፣ ሦስት ፍርድ

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። ሰኞ ገበያ ጥራጥሬ የሚሸጡ የ50 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ምሳሌ ናቸው። የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ላይ፣ በጥርስና ጥርስ መካከል፣ ኪሱ 4፣ ሽሽቱ 1። የታችኛው ግራ መንጋጋ ላይ ኪሱ 3፣ ሽሽቱ 2። የላይኛው ግራ ላይ ኪሱ 4፣ ሽሽት የለም። ሌላው ሁሉ ከ3 ሚሊ በታች፣ የቁርኝት መጥፋት የሌለበት ነው።

አሁን ፍረዱ። «5 ሚሊ ኪስ ያለበት ታማሚ ነው» የሚል ትርጉም የያዘ ተመራማሪ እኚህን እናት ጤነኛ ብሎ ያልፋቸዋል። አንድም 5 የሆነ ኪስ የላቸውም። በሲፒአይ 3 ያገኛሉ፤ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ኪስ። በአሜሪካው ትርጉም 4 ሚሊና ከዚያ በላይ የቁርኝት መጥፋት በተለያዩ ጥርሶች ላይ ስላለ መካከለኛ ናቸው። ከባድ አይባሉም፤ 6 የደረሰ የለም። በ2017ቱ ደግሞ የከፋው ቦታ 5 ሚሊ ነው፣ ያውም በተራራቁ ሁለት ጥርሶች ላይ። ስለዚህ ደረጃ ሦስት ናቸው። ደረጃ ሦስት ከባድ ፔሪዮዶንታይቲስ ነው።

ያው እናት፣ ያው ቀን፣ ያው ፕሮብ። ጤነኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድ። አንዱ ጥናት ደሴ ላይ 20 ፐርሰንት፣ ሌላው ኮምቦልቻ ላይ 60 ፐርሰንት ቢያወጡ የቦርከና ወንዝ ውሃ ነው ወይስ የኮምቦልቻው ሙቀት ብላችሁ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ትርጉማቸውን አነጻጽሩ።

ምክሬ ይህ ነው። ዋናው ትርጉማችሁ የ2017ቱ ይሁን። ሁለተኛ ሠንጠረዥ ላይ ያንኑ መረጃ በአሜሪካው ትርጉም ቆጥራችሁ አስቀምጡ። ሚሊሜትሩ ካለ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሚሊሜትሩ ከሌለ የማይቻል ነው።

የእኛ አገር አፍ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

መጽሐፉ ላይ የማታገኙት ክፍል ይሄ ነው። እኔም በሥራ ነው የተማርኩት።

ንቅሳት። በወሎ ብዙ እናቶች ድዳቸው የተነቀሰ ነው። አንዳንዶቹ ለውበት፣ አንዳንዶቹ ድድ ይፈውሳል ተብሎ። በ1963 የወጣው የሎ እና የሲልነስ የድድ መለኪያ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሲሰጥ የድዱን መቅላት ጭምር ያያል። በተነቀሰ ድድ ላይ መቅላት አይታይም። በተፈጥሮው በጠቆረ ድድ ላይም ያስቸግራል። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ በደሙ ላይ ተመሥረቱ። ንቅሳት መኖሩን ግን መዝግቡ።

መፋቂያ። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በብርቱ ሲፈገፈግ በጉንጭ በኩል ድዱን ሊገፋው ይችላል። ይህ ሽሽት ነው እንጂ ፔሪዮዶንታይቲስ አይደለም። ትርጉሞቹ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ቦታ የሚያስቀድሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የ2017ቱ ትርጉም ሌሎችም እንዳይቆጠሩ ያዛል። በፍግፈጋ የመጣ ሽሽት፣ ድዱ ጠርዝ ላይ ያለ የተቦረቦረ ጥርስ፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ ተነቅላ ወይም ተጣማ ከፊቷ ባለችው ጥርስ ጀርባ የተፈጠረ ጉዳት፣ ከጥርሱ ውስጥ የመነጨ መግል፣ የተሰነጠቀ ሥር። ቅጹ ላይ «ሌላ ምክንያት» የሚል አምድ ክፈቱ።

ጫት። የሚቅም ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ጉንጩ ነው የሚይዘው። ጊዜ ለመቆጠብ አፉን በግማሽ ብቻ የምትለኩ ከሆነ የሚቅምበትን ጎን ልትስቱት ትችላላችሁ። በጠቅላላውም ግማሽ አፍ መለካት የታማሚውን ቁጥር ያሳንሳል። የሚቻል ከሆነ ሙሉውን ለኩ። የትኛው ጎን እንደሚቅም ደግሞ ከልኬቱ በኋላ ጠይቁ። ቀድማችሁ ካወቃችሁ ዓይናችሁ ያዳላል።

የወለቀ ጥርስ። ደረጃ አራት የሚወሰነው በዚሁ በሽታ በወለቀው ጥርስ ነው። የጠፋ ጥርስ ግን አፍ ውስጥ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ጠይቁ። «እማማ፣ ይሄኛው ጥርስዎ እንዴት ወለቀ?» አንዷ «ሲነቃነቅ ቆይቶ በጄ መዘዝኩት» ይላሉ። ሌላዋ «ተቦርቡሮ እንቅልፍ ነሥቶኝ አስነቀልኩት» ይላሉ። የመጀመሪያው ይቆጠራል፣ ሁለተኛው አይቆጠርም። ካላስታወሱ «አይታወቅም» የሚል ሳጥን ይኑር። ለራሳችሁ አትገምቱ።

ሲጋራ። የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም አይደማም። በደም ብቻ ብትለዩ አጫሹ ጤነኛ ይመስላችኋል። ኪሱና የቁርኝት መጥፋቱ ግን ይናገራሉ።

መድኃኒት። ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚወሰዱት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን ድድን ሊያሳብጡ ይችላሉ። ድዱ ወደ ላይ ሲያድግ ኪሱ ጥልቅ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አልተነካም። የመቀነስ ምልክቷ እዚህ ታድናችኋለች። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይደማል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።

ጾም። በረመዳን ቀን ላይ አፉን ከፍቶ ደም የሚያስነካ ሙስሊም አታገኙም፣ መጠየቁም ነውር ነው። ቀጠሮውን ከረመዳን አስቀድሙ ወይም አሳልፉ።

ማንን ትተዋላችሁ?

አጭር ነው። ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ባለፉት ስድስት ወራት ድዱን የታከመ ወይም ታርታር ያስነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አይገባም። ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ላይ ፕሮብ አታስገቡ። ከድድ የሚነሳው ባክቴሪያ በደም ወደ ልብ ሊሄድ ይችላል። ይህን ጥያቄ ከወንበሩ በፊት ጠይቁ፣ በኋላ አይደለም።

ናሙናው ከየት እንደመጣም አስቡ። ከጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ላይ የወሰዳችሁት ሰው ድዱ ስላመመው የመጣ ነው። ያንን ቁጥር «የኮምቦልቻ ነዋሪ» ብላችሁ አትጻፉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ አንዱን ፈረቃ ብቻ አትውሰዱ።

እጆቻችሁን አስማሙ

ሁለት ሰው የሚለካ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ወደ አሥር ሰው ሁለታችሁም ለኩ። አንዳችሁ የሌላውን ቁጥር ሳታዩ። ከዚያ ቦታ በቦታ አነጻጽሩ። ከአንድ ሚሊ በላይ የተለያያችሁባቸውን ቦታዎች አንድ ላይ ሆናችሁ እንደገና ለኩ። ስምምነቱን ለአዎና አይደለም ውሳኔ ካፓ በሚባለው የስምምነት መለኪያ፣ ለሚሊሜትር ደግሞ አይሲሲ በሚባለው ቁጥር አሳዩ። ካፓው ከ0.6 በታች ከሆነ ሥራ አትጀምሩ፤ ተመልሳችሁ ተለማመዱ። ሥራው ከተጀመረ በኋላም ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት የሚሆነውን ሰው ድገሙ። እጅ በድካም ይለወጣል።

ብቻውን የሚለካ ሰውም ከራሱ ጋር መስማማቱን ማሳየት አለበት። በዚያው ቀን አይድገም፤ ቁጥሩን ያስታውሰዋል። ከሳምንት በኋላ ይሁን። የሚጽፍ ሰው ከጎናችሁ ይኑር። በደም በተነካ ጓንት እስክሪብቶ አይያዝም።

ስኳር ያለበትን ሰው ከሌለበት ጋር የምታነጻጽሩ ከሆነ የሚለካው ሰው ማን ስኳር እንዳለበት አይወቅ። ደም የሚወሰደውና ድድ የሚለካው በተለያየ ክፍል ይሁን።

ሪፖርቱ ላይና ሰውዬው እጅ ላይ

ሜቶድ (የአሠራር ዘዴ) ክፍሉ ላይ እነዚህን ሳትጽፉ አታልፉ፦ የፕሮቡ ዓይነት፣ የተለካው ጥርስና ቦታ ብዛት፣ የማጠጋጋት ሕጉ፣ የትርጉሙ ስምና ዓመት፣ የለካው ሰው ብዛትና ስምምነታቸው። ውጤቱ ላይ ፐርሰንት ብቻ አታስቀምጡ። አማካይ የኪስ ጥልቀት፣ አማካይ የቁርኝት መጥፋትና 4 ሚሊና ከዚያ በላይ ኪስ ያለባቸው ቦታዎች ድርሻ አብረው ይሁኑ። ነገ ትርጉሙ ቢቀየር የሚቀጥለው ሰው ሥራችሁን መጠቀም ይችላል።

ሌላው ወረቀት ለተሳታፊው የሚሰጠው ነው። አንድ ሰው ወንበራችሁ ላይ ግማሽ ሰዓት አፉን ከፍቶላችሁ ባዶ እጁን አይሂድ። ትንሽ ወረቀት አዘጋጁ። በቀላል አማርኛ ይሁን። «ድድዎ 24 ቦታ ላይ ደምቷል። በሦስት ጥርስ ላይ ድድዎ ከሥሩ ለቋል። ሕመም ባይሰማዎትም ይህ ይታከማል። ይህን ወረቀት ይዘው የጥርስ ክሊኒክ ይሂዱ።» ከጀርባው ሐኪሙ የሚያነበው የሚሊሜትር ሠንጠረዥ ይኑር። የት እንደሚላኩ ደግሞ መረጃ ስብሰባው ሳይጀመር ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይህን ይጠይቃችኋል።